«አያታችን የት ተቀበሩ?» የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ዘማች ዘመዳቸውን የሚፈልጉ ቤተሰቦች በብዛት ይጽፉልናል። የሰውየው ስም በቤተሰቡ አፍ አለ፤ መቃብሩ ግን አይታወቅም። የዛሬውን ዓምድ ለአምስት ደብዳቤዎች ሰጥተነዋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

*ጥያቄ፦* የአያቴ ታናሽ ወንድም የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ለኮሪያ ጦርነት ከተላከው ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምቶ አልተመለሰም ይባላል። ቤተሰቡ አስከሬኑ እዚያው ቀርቷል ብሎ ያምናል። ቡሳን ሄጄ ብፈልግ መቃብሩን አገኘዋለሁ?

*መልስ፦* ለአውሮፕላን ትኬት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የኢትዮጵያ ወታደር መቃብር የለም። እዚያ ዐርፈው የነበሩት አጽማቸው ተነሥቶ ወደ አገር ቤት ተመልሷል፤ አዲስ አበባ በመንበረ ፀባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ነው ያረፉት። ቡሳን የሚያገኙት ስም ነው። በመካነ መቃብሩ ውስጥ የወደቁት ወታደሮች ስም በየአገራቸው የተቀረጸበት ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ አለ። ቹንቾን ከተማ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በ1960 ኮሪያን በጎበኙ ጊዜ የቆመው የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት ይገኛል። ሁለቱም ቢያዩዋቸው የሚያስደስቱ ናቸው፤ ፍለጋዎን ግን ከሥላሴ ይጀምሩ።

የሟቾቹ ዝርዝር አጭር ነው። በጦርነቱ ወቅት ከዘመቱት 3,518 ወታደሮች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 122፣ የቁስለኞቹ ደግሞ 536 ነው። አንድም የተማረከ የለም። ስለዚህ ስሙ ከ122ቱ መካከል ከሌለ «ኮሪያ ቀረ» የሚለው ወሬ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ሰውየው አገሩ ገብቶ ሌላ ቦታ ጠፍቶ ይሆናል። ይህ ብዙ ቤተሰብ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ቃኘው የተውጣጣው ከክብር ዘበኛ ነበር፤ በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥቱን የሞከሩት የክብር ዘበኛው አዛዥ ስለነበሩ፣ ሙከራው ሲከሽፍ ክፍሉ ፈረሰ። የታሰረ ታሰረ፤ ሌላ ክፍል የተመደበ ተመደበ፤ የተሰናበተውም ወደ ሩቅ አውራጃ ሄዶ ደብዳቤ ሳይጽፍ ቀረ። ከሐምሌ 1952 ጀምሮ ኮንጎ ከዘመተው የጠቅል ብርጌድ ጋር ሄዶ የወደቀውንም ቤተሰቡ «ኮሪያ» ብሎ የሚያስታውስበት ጊዜ አለ።

በየትኛው ዙር እንደዘመተ ከዓመቱ ይታወቃል። የመጀመሪያው ቃኘው፣ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት፣ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዚያው ወር ማብቂያ ቡሳን ገባ። ሁለተኛው በመጋቢት 1944፣ ሦስተኛው በሚያዝያ 1945 ተተኩ። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። ቤተሰቡ «ከመጀመሪያዎቹ ጋር ሄደ» ቢልም የተጋባበት ወይም ልጅ የወለደበት ዓመት ይህን የሚያፈርስ ከሆነ ዓመቱን ይመኑ።

እርስዎ ያሉበት ቦታ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ቃኘው የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ነበር፤ የዚህ ክፍል የየዕለቱ የውጊያ ሪፖርት ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ሪከርድ ግሩፕ 407» ውስጥ ይገኛል። ፎቶግራፎቹ «ሪከርድ ግሩፕ 111» ውስጥ ናቸው። የተመራማሪ መታወቂያ በነፃ ይሰጣል፤ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይዘው ይሂዱ። እስክሪብቶ አያስገቡም፣ እርሳስ ብቻ ነው። በስልክ ማንሣት ይቻላል፣ ፍላሽ ግን አይፈቀድም። ከመሄድዎ በፊት የክፍሉን ቁጥርና የሚፈልጉትን ወር ጽፈው ይላኩላቸው፤ ሳጥኖቹን በስም ሳይሆን በክፍልና በወር ነው የሚያወጡት። የተራ ወታደር ስም እያንዳንዱ ገጽ ላይ አይጠብቁ። የሚያገኙት በዚያ ቀን ቅኝቱ የት እንደነበረና ስንት ሰው እንደቆሰለ ወይም እንደሞተ ነው። ስለዚህ የሞተበትን ቀን ከአገር ቤት አጣርተው ነው መሄድ ያለብዎት።

ስሙን ሲፈልጉ የሚያሳስትዎ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ነው። ገብረ ጻድቅ ወልደ ሰንበት የሚባል ወታደር በእነሱ ዝርዝር አራት ስም ያለው ሰው ይሆናል። «ሰንበት» የቤተሰብ ስም ተደርጎ በ«ኤስ» ፊደል ሥር ይገባል፤ «ገብረ» ብቻውን የራሱ ስም ይሆናል። ጸን አንዱ ጸሐፊ በ«ቲኤስ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጽፈዋል። ስለዚህ አንዱን ስም በራሱ ስም፣ በአባቱ ስምና በአባቱ ስም ሁለተኛ ክፍል፣ በሦስት ቦታ ይፈልጉት።

ከአዲስ አበባ፣ የካ

*ጥያቄ፦* አያታችን የቃኘው ዘማች ነበሩ። በሰላም ተመልሰው በ1970ዎቹ ውስጥ አዲስ አበባ ዐረፉ። እናታችን ያኔ ክፍለ ሀገር ስለነበረች ቀብራቸው ላይ አልደረሰችም፤ አሁን የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ የለም። መቃብራቸውን ማግኘትና የልጅ ልጅነታችንን በማስረጃ ማሳየት እንፈልጋለን።

*መልስ፦* ደብር ለደብር መዞሩን ለጊዜው ተዉት። በቅድሚያ የሚያስፈልጋችሁ ያረፉበት ቀን ነው። ቀኑ ከሌለ የትኛውም መዝገብ ቤት ሊረዳችሁ አይችልም። ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ካጣችሁ ስለ ተዝካሩ ጠይቁ፤ ሰው ከሞቱ ይልቅ ድግሱን ያስታውሳል። «ተዝካራቸው ለጥምቀት ሰሞን ነበር» የሚል ሰው ከተገኘ አርባ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ትደርሳላችሁ። «የዘመቻው ዓመት»፣ «ልጃችሁ ክርስትና የተነሣችበት ዓመት» የሚሉ መያዣዎችንም ሳትንቁ ጻፉ።

ቀጥሎ እድር ነው። በእኛ ልምድ ከሁሉም መዝገብ የተሻለው የእድር ደብተር ነው። ድንኳንና ዕቃ የት እንደተላከ፣ ገንዘቡን ማን እንደተቀበለ፣ በስንት ቀን እንደሆነ ይዟል። ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ስም የወራሽነት ፍንጭም ይሆናችኋል። ሲያርፉ ይኖሩበት የነበረውን ሰፈር እድር ዳኛና ጸሐፊ አግኙ። ሰፈሩ ፈርሶ ከሆነ እድሩ ብዙ ጊዜ በአዲሱ ሰፈር በዚያው ስም ይቀጥላል፤ ደብተሩ ያለው በቀድሞው ጸሐፊ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ ሊሆን ይችላል። አያታችሁ ከሰፈሩ ሌላ የመሥሪያ ቤት እድር ነበራቸው ወይ? እሱንም ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ የንስሐ አባታቸው የየትኛው ደብር ካህን እንደነበሩ አጣሩ። አዲስ አበባ ላይ ሰው ሁልጊዜ በቅርቡ ደብር አይቀበርም፤ ንስሐ አባቱ ባሉበት ወይም ዘመዶቹ ባረፉበት ይቀበራል። ደብሩ ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ ሁለት ስም ያዙ፤ የዓለም ስማቸውንና የክርስትና ስማቸውን። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ ካህኑ የሚያስታውሱት ስም እሱ ሊሆን ይችላል። የክርስትና ስማቸውን ቤተሰቡ ካላወቀ ጸበል ጠዲቅ የሚዘክሩበትን ቀን ጠይቁ፤ ፍንጭ ይሰጣል። ሰበካ ጉባኤ የተቋቋመው በቤተ ክርስቲያኒቱ ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲው፣ በ1965 ስለሆነ ከዚያ በኋላ ላለ ቀብር የገንዘብ ደረሰኝ ጉርድ የመገኘት ዕድል አለው። ጉርዱ የሚደረደረው በቀን እንጂ በስም አይደለም። ቀኑን በቅድሚያ ፈልጉ ያልነው ለዚህ ነው።

ወረቀቱ ከሌለ የመቃብር ቆፋሪውንና አንጋፋውን ዘበኛ ጠይቁ። እነሱ የሚያውቁት በረድፍ ነው፤ «ከዋርካው ሥር፣ ከእገሌ መቃብር ቀጥሎ» ይሏችኋል። የመቃብር ቦታ በተጣበበባቸው አድባራት አጽም ተነሥቶ በቦታው ሌላ ሰው ይቀበራል፤ አንዳንዱ ቦታ በግንባታ ወይም በመንገድ ተነሥቷል። ስለዚህ «መቃብሩ የት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ «አጽም ተነሥቶ ከነበረ የት ገባ?» ብላችሁም ጠይቁ። ወደ ፉካ ወይም ወደ ጋራ የአጽም ቦታ ሲገባ የተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላል።

ቀበሌ ወይም ወረዳ ሄዳችሁ የሞት ምዝገባ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። በአዋጅ 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። የተሻለው መንገድ የጡረታ ፋይል ነው። አያታችሁ ጡረታ ይበሉ ከነበረና ሴት አያታችሁ በተተኪነት ተቀብለው ከሆነ ፋይሉ ውስጥ የሞቱበት ቀን፣ የሚስታቸው ስምና የልጆቻቸው ስም ይኖራል። የጡረታ መለያ ቁጥሩ ያለበትን አሮጌ ደብተር ወይም ደረሰኝ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከውዳሴ ማርያም መካከል ፈልጉ፤ አረጋውያን ወረቀት የሚያስቀምጡት እዚያ ነው።

ስለ ማስረጃው፦ አፍንጮ በር ባለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ የዘማቾች ማኅበር አለ። መጀመሪያ ሄዳችሁ ምን ዓይነት ወረቀት እንደሚቀበሉ ጠይቁ፤ የማይፈልጉትን ወረቀት ለማውጣት ወራት አትፍጁ። ከቤት የምትሰበስቡት የዘማችነት መታወቂያቸውን፣ የስንብት ወረቀታቸውን፣ የደንብ ልብስ ፎቶግራፋቸውንና ሜዳያቸውን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ የነሐስ ነው፤ ሪባኑ ቀጫጭን ሰማያዊና ነጭ መስመሮች አሉት፤ ሲቆጠሩ 17 ናቸው፤ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ጽሑፉ በአማርኛ ነው። የባለቤቱ ስም ካልተቀረጸበት ሜዳዩ ብቻውን የማን እንደሆነ አይመሰክርም፤ ከፎቶግራፉ ጋር አብሮ ይቅረብ።

የዘር ሰንሰለቱን በተመለከተ ስማችን ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል። የእናታችሁ መታወቂያ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም ይዟል። እናንተ የምትጨምሩት ከእናታችሁ ወደ እናንተ የሚያመጣውን አንድ ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀታችሁን ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጅ በአጎቱ ስም ሲያድግ ወይም አንዱ ወረቀት «ኃይሉ» ሌላው «ሀይሉ» ሲል ነው። የፊደሉ ልዩነት አንድ ሰው ስለመሆኑ በሚሰጥ ማረጋገጫ ይታረማል። በአጎት ስም ማደግ ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች ተሰምተው የሚወሰን ነው። አጎቱንም አባቱንም የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ አድርጉት። የመጀመሪያው ቃኘው ላይ የሃያ ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ከ90 በላይ ነው፤ አብረውት የዘመቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከደብረ ማርቆስ

*ጥያቄ፦* ቅድመ አያቴ በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበሩ። ሰው የሚያስታውሳቸው በፈረስ ስማቸው ነው፤ የአባታቸውን ስም እንኳ የሚያውቅ አጣሁ። የት ወድቀው የት እንደተቀበሩ እንዴት ላግኝ?

*መልስ፦* የፈረስ ስም በወረቀት ላይ አልፎ አልፎ እንጂ ሁልጊዜ አይገኝም። አባ ኮስትር ሲባል በላይ ዘለቀ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ቃኘው ሻለቃም የተሰየመው በራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው። የብዙ አርበኛ ስም ግን እንዲህ አልታደለም። ሰው ስትጠይቅ ስሙን ከመጠየቅህ በፊት «የማን ጦር ነበሩ?» ብለህ ጀምር። አርበኛ በአለቃው ነው የሚታወቀው። አለቃው ከታወቁ በየትኛው ወረዳ እንደተዋጉ፣ ማን አብሯቸው እንደነበረ ይታወቃል፤ ከዚያም ስማቸው ይከተላል። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር መዝገብ ላይ ስትፈልግም የአለቃውን ስም አብረህ ስጥ።

የአባታቸውን ስም ለማግኘት ደግሞ የድሮ የርስት ተሟጋቾችን ፈልግ። በጎጃም ሰው ርስት የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ ስለነበር፣ በ1967 የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር እስከ ዘጠኝና አሥር ትውልድ የሚቆጥሩ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ እነሱ ካለፉ ልጆቻቸው አሉ፤ የሙግት ወረቀታቸውም በየቤቱ አለ። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚጠየቅ የሙግቱ ቆጠራ የሴቶቹን ስም ይዟል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በአባት በኩል ብቻ ይቆጥራል። አርበኛው ግን በእናቱ አገር ተዋግቶ፣ በእናቱ ደብር ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። በአራቱም አያቶችህ በኩል ቁጠር።

ስትመዘግብ አንድ አንድ ትውልድ ወደ ላይ እየሄድህ «የእገሌ አባት ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። «ቅድመ አያትህ ማን ነው?» ብትል አንዱ አያቱን፣ ሌላው የአያቱን አያት ይነግርሃል። ከቅድመ አያት በላይ ያሉት መጠሪያዎች ከአገር አገር ይለያያሉ። ከሦስት ሰው ለየብቻ ጠይቅ፤ አንድ ላይ ካስቀመጥሃቸው ታላቁ የተናገረውን ሌሎቹ ይደግማሉ። በመጨረሻም በአንድ ትውልድ 25 እስከ 30 ዓመት አስበህ ድምሩን ከታወቀ ዓመት ጋር አነጻጽር። ሦስት ትውልድ ቆጥረህ 150 ዓመት ከሆነ ስም ተዘልሏል።

በውጊያ ካልወደቁ፣ ጣሊያን ይዟቸው ከሆነ፣ ወደ ናኩራ ደሴት ወይም ሶማሊያ ውስጥ ወዳለው ደናኔ እስር ቤት ተወስደው ሊሆን ይችላል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ብዙ ሰው ወደነዚህ ቦታዎች ተግዟል። እንዲህ ከሆነ በስም የተለየ መቃብር ባይገኝ ተስፋ አትቁረጥ፤ የተያዙበትን ቀንና ቦታ የሚያውቅ ምስክር ቃል ማስመዝገብ ይቻላል።

ከባሕር ዳር

*ጥያቄ፦* የአያታችን ሐውልት ጽሑፉ ሊጠፋ ነው። በሽቦ ብሩሽ አጽድተን በቀለም ብናደምቀው ይሻላል?

*መልስ፦* እባካችሁ ሽቦ አታስነኩት። የሽቦ ብናኝ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ይዝጋል። አሲድ፣ ሎሚና ኮምጣጤ እብነ በረድን ይበሉታል፤ በረኪናም ጨው ጥሎበት ፊቱን ያፈርሰዋል። ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ድንጋዩን መጀመሪያ በደንብ አርጥቡት፤ ቆሻሻው ወርዶ እንዳይዥጎረጎር ከታች ወደ ላይ እሹት። የሚንቀሳቀስ ወይም የሚፈረፈር ከሆነ ግን ውኃም አትንኩት።

ለማንበብ የሚያስፈልገው ብርሃን ከጎን የሚመጣ ነው። መሬት ላይ የተጋደመ ድንጋይ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወይም ማታ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይነበባል። ወደ ምሥራቅ ዞሮ የቆመ ድንጋይ ግን ፀሐይ ከአናት ስትሆን፣ ወደ ቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፣ ጥላው ፊደሉ ውስጥ ይገባል። ማታ ከሄዳችሁ ባትሪውን ከድንጋዩ ጎን አስጠግታችሁ አብሩና አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ፎቶ ያንሣ። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ፣ ከታች አራት ፎቶ አንሡ፤ በአንዱ ያልታየ ፊደል በሌላው ይወጣል። ጠመኔና ዱቄት አትጠቀሙ።

በግእዝ ቁጥር የተጻፈ ዓመት ሲያረጅ ፮ እና ፯ ይምታታሉ፤ ፲፱፻፵፮ን ፲፱፻፵፯ ብሎ ማንበብ ቀላል ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ አንብቦ ሳይስማማ በቀለም አታድምቁት፤ የተሳሳተ ቀለም የቀድሞውን ፊደል ለዘላለም ይሸፍነዋል። አዲስ ሐውልት ማሠራት ከፈለጋችሁም አሮጌውን አትጣሉት፤ ከጎኑ ወይም ከእግሩ ሥር አስቀምጡት።

ከቴል አቪቭ

*ጥያቄ፦* በቤተሰባችን ወረቀት ላይ አንድ ዘመዳችን «መስከረም 10 ቀን 1944» ወደቀ ይላል። በእንግሊዝኛው ሰነድ ላይ ያለው ቀን እኛ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከቀየርነው በአንድ ቀን ይለያል። የትኛው ነው የተሳሳተው?

*መልስ፦* ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ መስከረም 10 ደግሞ ሴፕቴምበር 20 ይሆናል። ዓመቱ ለአራት ያለ ቀሪ ሲካፈል ግን፣ ማለትም ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን፣ ያለፈው ዓመት ጳጉሜ 6 ስለነበራት አንድ ቀን ይጨመራል። 1944 ለአራት ይካፈላል፤ ስለዚህ መስከረም 10 ቀን 1944 ሴፕቴምበር 21 ቀን 1951 ነው። ይህ ጭማሪ እስከ የካቲት 21 ይቆያል፤ ከየካቲት 22 ጀምሮ ሁለቱ አቆጣጠሮች ወደ ተለመደው ይመለሳሉ። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር 31 ዓመቱ ላይ 7፣ ከጃንዩወሪ 1 በኋላ 8 ይደምሩ። ወረቀትዎ ላይ ቀኑን ሲገለብጡ የተሰላውን ብቻ አይጻፉ፤ መጀመሪያ የተገኘውን እንዳለ፣ ከጎኑ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፉ።